ትርፍ ክር ላይ የተቀዳች ዘፈን

ባሌ የሱቄን ስፒከር በመርፌ የወጋጋ ዕለት፣ ጂማ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተናደደ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ያ ስፒከር የእንጀራዬ ገመድ ነበር። ሄርማታ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ወረድ ብሎ፣ ካሴት እየቀዳሁ የምሸጥባት አንዲት ክፍል ሙዚቃ ቤት ነበረችኝ። ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፈውን ገበሬ፣ ጋሪ የሚነዳውን ጎረምሳ፣ ጨርቅ ልትገዛ የወጣችውን ሙሽራ አቁሞ ወደ ውስጥ የሚጠራልኝ በሩ ላይ የተሰቀለው ስፒከር ነው። ምሳዬን በልቼ ስመለስ ስፒከሩ ወርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። ባሌ አጎንብሶ የስፒከሩን ወረቀት በመርፌ ይጠቀጥቃል። ጓደኛው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጨምርበት ይለዋል።

ምን እያደረጋችሁ ነው ብዬ ጮህኩ። ባሌ ቀና እንኳ ሳይል ድምፁን እያሻከርኩት ነው አለኝ። ጓደኛው ልብስ ሰፊ ነበር፣ መርፌውም የእሱ ነው፤ እሱ ቢያንስ ለማፈር ሞከረ። ባሌ ጊታሩን ሰካና አንድ ጊዜ መታው። ከስፒከሬ የወጣው ድምፅ የተቆጣ ውሻ ይመስል ነበር። ሁለቱ ሽበታሞች ተያዩና ሳቁ። እኔ በሩን በላያቸው ላይ ወርውሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ለባሌ ራቱን አቀረብኩለት እንጂ አላነጋገርኩትም።

ባሌ በወጣትነቱ አሥመራ ውስጥ በአንድ ባንድ ጊታር ይጫወት ነበር። እዚያ ከአሜሪካኖቹ ሰፈር ሬዲዮ የሚለቀቅ ሃርድ ሮክ የሚባል ነገር ሰማና ጆሮው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጊታሩ የሚያጉረመርምበት፣ ድራሙ ደረት የሚመታበት ሙዚቃ ነው። ወደ ጂማ የመጣው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በአንድ የምሽት ክበብ ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ ሊመለስ ነበር። ለምን በዚያው ቀረህ ሲሉት ቡናው ተስማምቶኝ ነው ይላል። የቀረው በእኔ ምክንያት እንደሆነ አገር ያውቃል። ልብስ ሰፊው ግን የጂማ ልጅ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ሱቅ የነበራቸው የታወቁ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ። ድራም መምታት የተማረው ትምህርት ቤት ሳለ በሰልፍ ባንድ ነው። ቀን ሱሪ ይሰፋል፣ ማታ ከባሌ ጋር ክበቡ ውስጥ ይመታል። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ልጃቸው ማታ ማታ የት እንደሚሄድ የማያውቁ መስለው ኖሩ።

ክበቡ ውስጥ የሚፈለገው ተቃቅፎ ለመደነስ የሚሆን ለስላሳ ነገር ነበር። አልፎ አልፎ ግን እንግዳው ሞቅ ሲለው ባሌ ጊታሩን ያስጮኸዋል፣ ልብስ ሰፊው ይከተለዋል። ወዲያው የክበቡ ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ እጁን ያወናጭፋል፣ እነሱም ወደ ለስላሳው ይመለሳሉ። ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ክበቡም ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ሙሉ በሙሉ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ባሌም እኔ ሱቅ ውስጥ ካሴት መቅዳትና የተበላሸ ቴፕ መጠገን ያዘ። ጊታሩ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሰብሳቢ እቤት ድረስ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት አልነበረበትም፤ ንግግሩ አጥንቴ ድረስ የዘለቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ሻይ አቀረብኩለት። ለሚያዝያው የሠራተኞች በዓል ልጆቹ እየተዘጋጁ መሆናቸውን፣ ከክራርና ከከበሮ በቀር መሣሪያ እንደሌላቸው በትሕትና አስረዳ። ከዚያ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከእንግዲህ አይጫወቱበትም» አለ። «ልጆቹ ይጠቀሙበት።»

ባሌ አንድ ነገር ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ባሌ አንገቱን ነቅንቆ ልክ ነህ አለው። በዓሉ እስኪቃረብ ብቻ እቤቱ እንዲቆይለት ለምኖ ልጁን እስከ በር ሸኘው። እኔ ከልጁ ይልቅ በባሌ ተቃጠልኩ። ልጁ የተናገረው የማያውቀውን ነው፤ ባሌ ግን ራሱን ያውቃል። ጊታሩ ከዚያ ግድግዳ ሲወርድ ባሌም አብሮት የሚወጣ፣ እኔም ከአንድ ቴፕ ጠጋኝ ጋር የምቀር መስሎ ተሰማኝ። ቴፕ ጠጋኝ መሆን ነውር የለበትም፤ እኔ ያገባሁት ግን ጊታር ተጫዋች ነው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። መኪናውን አቆመ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «እህቴ፣ እሷን ሳንጫወት አናስረክብም» አለኝ። እሷ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። በክበቡ ዘመን ባለቤቱ እጁን እያወናጨፈ ያስቆማቸውን ያንን ነገር አንድ ጊዜ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ ማንም ሳያስቆማቸው መጫወት ቀርቷቸው ነበር። ባሌ ሲነገረው አንገራገረ። ኋላ ግን ሁለታችንን አስቀምጦ ቁርጡን ነገረን። ዘፈኗን እንቀዳታለን። እስከ በዓሉ ድረስ የማያውቀን ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ መጥቶ ያቺን ዘፈን ብሎ ከጠየቀ ጊታሩን ለማንም አልሰጥም፤ የሚጠይቅ ከጠፋ ልጁ ልክ ነው፣ ይውሰድ። ልብስ ሰፊው እጁን መታለት። ስፒከሬን የወጋጉት ከዚህ በኋላ ነው።

ዘፈኗ ግጥም አልነበራትም። ያኔ ግጥም ያለው ነገር ሁሉ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ስንኝ ይሰረዝለታል፣ አብዮት ይጨመርበታል። ጊታር ሲያጉረመርም ግን ምን ማለትህ ነው ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ አልተቋቋመም። ልብስ ሰፊው ይህን እያሰበ ብቻውን ይስቅ ነበር።

የት እንቅዳ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። እቤት ቢሞክሩ ጎረቤት ተንጫጫ። የልብስ ሰፊው ወንድም ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ነበርና መጋዘኑን ፈቀደላቸው። ጥቅምት ላይ ሄደው ሞከሩ። መጋዘኑ ባዶ ስለነበር አንድ ጊዜ የተመታው ድራም ከቆርቆሮው ጣራ እየተመለሰ ይደራረባል። ቅጂውን ስሰማው የብረት ድስቶች ከመደርደሪያ ሲወርዱ የሚሰማ ነበር የሚመስለው። ልብስ ሰፊው የነጋዴ ልጅ ነውና መላው ከእሱ መጣ፤ ቡናው ይግባና እንቀዳለን አለ። ጠበቁ። ታኅሣሥ ላይ ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በአህያ እየጫነ ማስገባት ጀመረ። ጆንያው እስከ ጣራው ሲደረደር፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሰውና ድራም የሚያስገባ ቦታ እንዲተዉላቸው ተሸካሚዎቹን ለመኑ። እዚያ ውስጥ ሲገቡ ግድግዳው በሙሉ ቡና ነው። ትርፍ ድምፁን ጆንያው ይጠጣዋል።

ቴፑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዕቃው የኔ ነው፣ ማንንም አላምንም። መቅጃውን ስጫን ልብስ ሰፊው ሥራ ሊጀምር ሲል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ በዚያ ዝቅ ባለ ሸካራ ድምፁ «ቢስሚላህ» አለ። ዱላዎቹን አጋጨና ገባ። ባሌን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዓይኑን ጨፍኗል፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። በእነዚያ ዓመታት የዋጠውን ነገር ሁሉ በጣቶቹ አወጣው። የተወጋጋው ስፒከሬ ያጓራል፣ ይንተከተካል፣ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ላቡ ጆንያው ላይ እየተንጠባጠበ ይከተለዋል፤ አንዳንዴም ይቀድመውና ባሌ ያሳድደዋል።  ሲጨርሱ ኮራሁባቸው። ስፒከሬን መውጋታቸውንም እዚያው ይቅር አልኳቸው፤ ለባሌ ግን ወዲያው አልነገርኩትም፣ ትንሽ ይጨነቅ ብዬ።

መልሰን ስንሰማው ቢስሚላሁ ገብቷል። ልብስ ሰፊው ደንግጦ እንደገና እንቅዳ አለ። ደገሙት። ሁለተኛው ደህና ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ግን አልሆነም፤ ሦስታችንም አውቀነዋል። ባሌ፣ እኔ ክርስቲያኑ ካልከፋኝ አንተ ምን ሆነህ ነው አለው። በዚሁ ቢስሚላሁ ባለበት ቀረ።

አሁን ዘፈኗ አለች፤ ችግሩ አንዲት መሆኗ ነው። ሁለቱ ያደጉት በሸክላ ዘመን ነው። በሸክላ ጊዜ አንድ ዘፈን ራሱን ችሎ ይሸጥ ነበር፣ ሰው አንዲቷን ገዝቶ በኩራት ታቅፏት ይሄድ ነበር። ካሴት ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤ ካልሞላ አይሸጥም። አንዲት ዘፈን ያለችበትን ካሴት ማን ይገዛችኋል አልኳቸው። ባሌ ሌላ ዘፈን አንጨምርም፣ ያለችን ይቺው ናት ብሎ ድርቅ አለ። ግትርነቱ አናቴ ላይ ወጣ። ልቤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ግትርነት ናፍቆት ነበር።

መላው የተገኘው ከእኔ ሥራ ነው። ካሴት የቀዳ ሰው ያውቀዋል፤ የዘፋኙ ሥራ አልቆ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ባዶ ክር ይተርፋል። አንዳንዱ ሙዚቃ ቤት ባዶውን ይተወዋል፤ አንዳንዱ ሌላ ዘፈን ጀምሮበት መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። እኔ የዚያን ወቅት በቀዳሁት ካሴት ሁሉ፣ የፍቅር ይሁን የሠርግ፣ የኦሮምኛ ይሁን የአማርኛ፣ ትርፉ ክር ላይ ያቺን ዘፈን አስገባሁ። ጊዜው የቡና ነበርና ገበያው ደርቷል። ካሴቶቼ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ የቡ ይጫናሉ። ዘፈኗም የሰው ዘፈን ጭራ ላይ ተንጠልጥላ አብራ ሄደች።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ደንበኛ ካሴቱን ይዞ ተመለሰ። ሁሉም ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ተበላሽቷል አለኝ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ የቴፗን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል ብትጠርገው ብትጠርገው እምቢ እንዳላት ነገረችኝ። ሌላው በእህቱ ሠርግ ላይ የሙሽሪት ዘፈን አልቆ ሰው ሊቀመጥ ሲል ቴፑ ማጓራት እንደጀመረ፣ አንድ ሽማግሌም ጄኔሬተሩ ፈነዳ ብለው ከዳሱ እንደወጡ አማረረ። የሚያሳዝነው፣ ሁሉም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። በመርፌ የተገኘው ያ ሁሉ ድምፅ ለሰው ጆሮ የታኘከ ክር ነበር።

እኔ ነገር መደበቅ አልችልበትም። የመጣውን ስሞታ ሁሉ ለባሌ እነግረው ነበር። መጀመሪያ ሳቀ፤ የሽማግሌውንማ ለልብስ ሰፊው ሄዶ እስኪያስለቅሰው ድረስ አወራለት። እየተደጋገመ ሲመጣ ግን ሳቁን ተወ። አንድ ጠዋት ጊታሩን አውርዶ ጅማቶቹን ሲያላላ አገኘሁት። ልጆቹ ሲወስዱት እንዳይበጠስ ነው አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። አዘንኩ፤ ከሐዘኑ በላይ ደግሞ ተናደድኩ። መጋዘኑ ውስጥ ያንን የሠራ ሰው የገዛ እጁን እንዴት አያምንም?

የካቲት ላይ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ሾፌር ሱቄ በር ላይ ቆመ። የቡ ካለው የቡና መፈልፈያ ጭኖ የሚያመላልስ ነው። በእጁ ክሩ የተበጠሰ ካሴት ይዟል፤ ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። ሌላ የተበላሸ መጣ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩበት። ሾፌሩ ግን የመፈልፈያው ሴቶች ልከውኝ ነው አለ። መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ ቢስሚላህ ብላ የምትጀምረውን ይፈልጋሉ፤ ሌላው ባይኖርበትም ግድ የላቸውም።

ባሌ ከውስጥ ቴፕ እየፈታ ነበር። ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ወጣና ሾፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ነሽ ያስጠናሽው» አለኝ። ሾፌሩ ግራ ተጋባ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም። ያበቃሁት፣ ነገ የቡ ሄደህ በገዛ ጆሮህ ትሰማለህ ብዬ ነው። ለሾፌሩ አዲስ ካሴት ቀዳሁለት። በማግስቱ ልብስ ሰፊውም ሱቁን ዘግቶ መጣና ሦስታችንም ኤንትሬው ላይ ወጣን። ባሌ መንገዱን ሙሉ ፊቱን ከእኔ እንዳዞረ ሄደ።

ግቢው ስንደርስ ማሽኑ እየሠራ ነበር። የመፈልፈያ ማሽን አጠገብ ያልቆመ ሰው ያንን ድምፅ በወሬ አይረዳውም። ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ከጎንህ ያለው ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለህ እንጂ አትሰማውም። ዳሱ ሥር ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው የተፈለፈለውን ቡና በሰፌድ እያንገዋለሉ ጥቁሩንና የተሰበረውን ይለቅማሉ። ምሰሶው ላይ ቴፕ ተንጠልጥሏል። እየተጫወተ መሆኑን ያወቅሁት ካሴቱ ሲዞር ስላየሁ ብቻ ነው። ማሽኑ ዘፋኙን ከነፍቅሩ ውጦታል።

ሾፌሩ አዲሱን ካሴት ሰጠ። የተቀበሉት የለቃሚዎቹ ታላቅ የሆኑ አንዲት አሮጊት ናቸው። ወዲያው ገለበጡትና እስክሪብቶ ከትተው ወደ መጨረሻው ማዞር ጀመሩ። የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው እጃቸው ያውቅ ነበር። ካሴቱን አስገብተው ጆሯቸውን ከቴፑ ጋር አጣበቁ። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አቁመው እሳቸውን ያያሉ። አሮጊቷ ድንገት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ሰፌዱ ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ።

ያቺ ዘፈን ማሽኑን ሰንጥቃ ወጣች። የባሌ ጊታር በማሽኑ ጩኸት ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ የልብስ ሰፊው ምት ከሥር መጣ፤ በዚያ ምት ሰፌዱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ገለባው ይበናል። የማይሰማውን ዘፈን የከፈቱት እሷ እስክትመለስላቸው ብለው ነበር ለካ። ልብስ ሰፊው ቆሞ እጆቹን ያያል፣ የሱ መሆናቸውን የተጠራጠረ ይመስል። ባሌ ፊቱን ወደ ጆንያው አዞረ። አለቀሰ። አየሁት፣ እንዳላየም አልሆንኩም፤ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

ምሳ ሰዓት ማሽኑ ቆመ። አሮጊቷ እንግዶች ናቸው ብለው ጠሩንና የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን። ማን መሆናችንን አልጠየቁም፤ የሾፌሩ ሰዎች መስለናቸዋል። እማማ፣ ይቺን ዘፈን ለምን ወደዳችኋት ብዬ ጠየቅኋቸው። ሌላው ሁሉ ማሽኑ ሲነሣ ይሞታል፣ ይቺ አትሞትም አሉኝ። ሲደክማቸው እንደምታነሣቸው፣ የተጫወቷት ሰዎች በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንደማያውቁ፣ ካሉ ግን አላህ ዕድሜ ይስጣቸው እንደሚሉ ነገሩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ባሌ እግሬን ረገጠኝ። ጉራ እንድነዛ አልፈለገም። እኔ ለጉራው ዝግጁ ነበርኩ።

ልብስ ሰፊው ጎደሬውን አነሣ። እንደ ልማዱ፣ ዝቅ ባለው ሸካራ ድምፁ «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል የአሮጊቷ እጅ ባለበት ቆመ።

«እስቲ ድገመው» አሉት።

ልብስ ሰፊው ደነገጠ። ጎደሬውን እንደያዘ ደገመው። አሮጊቷ ወደ ሴቶቹ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የሚበሉት መብላት አቆሙ፤ የቆሙትም ቀረብ አሉ። ያንን ድምፅ ጆሯቸውን ከቴፕ አጣብቀው በየቀኑ ሲሰሙት ከርመዋል፤ የጎረቤታቸውን ድምፅ የሚያውቁትን ያህል ያውቁታል። ሌላውስ፣ ያ ጯሂው የታለ ብለው ጠየቁ። ልብስ ሰፊው በአገጩ ባሌን ጠቆመ። አሮጊቷ የባሌን እጅ ያዙና ጣቶቹን ጫፍ ጫፋቸውን እየዳሰሱ አዩ። ጅማት ያደረቀው ቆዳ ገና አልለቀቀም ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ገልብጠው ቡና ያደረቀውን የራሳቸውን ጣቶች አሳዩት።

«ሂን ዲሲና» አሉ። አትተዉ ማለታቸው ነው።

ባሌ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ መጣ። እቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የጊታሩን ጅማቶች አጠበቀ።

በዓሉ ሲቃረብ ሰብሳቢው ሱቄ መጣ። ጊታሩን ሊወስድ ሁለት ልጆች አስከትሏል። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለው።

«ጊታሩ ምርት ላይ ነው» አለው።

በዚያ ዘመን ምርት የሚለውን ቃል ተከራክሮ የሚረታው አልነበረም። ልጁ የምን ምርት ጋሼ ብሎ ጠየቀ። የቡና ምርት ነው፣ የቡ ሄደህ ለቃሚዎቹን ጠይቅ አለው ባሌ። እኔም ካሴቱን አስገባሁና ያንን የተወጋጋ ስፒከሬን ከፈትኩት። ልጁ በጨዋነት እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እቴቴ፣ ካሴቱ የተበላሸ መሰለኝ አለኝ። አዎ ልጄ አልኩት፤ የቡ ድረስ የሚፈልጉት የተበላሸውን ነው። ልጁ እኔን፣ ባሌን፣ ስፒከሩን አየ። ሳቁ አመለጠው። እንግዲያውስ ጊታሩን ራስዎ ይዘውልን ይምጡ አለው ባሌን።

በበዓሉ ዕለት ሜዳው በባንዲራና በመፈክር ተሞላ። የኪነት ልጆች አብረቅራቂ ልብሳቸውን ለብሰው ዘፈኑ፣ ጥሩም ዘፈኑ። ከዚያ ሁለቱ ሽበታሞች ልብስ ሰፊው ከአንድ ጣቃ በሰፋው አንድ ዓይነት ሱፍ መድረኩ ላይ ወጡ። ጊታሩ በባሌ ትከሻ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ድራሙ ኋላ ተቀመጠ። ማይክሮፎኑ አጠገቡ መሆኑን ረስቶት ይሁን አስቦበት እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ዝቅ ባለው ድምፁ «ቢስሚላህ» አለ። ድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሙሉ አሰማው። የክብር መቀመጫው ላይ ያሉት ባለሥልጣናት እርስ በርሳቸው ተያዩ።  ከሜዳው ኋላ፣ በመኪና ተጭነው ከመጡት ሠራተኞች መሃል፣ የየቡ ሴቶች ሰፌድ ያልያዘ እጃቸውን አንድ ላይ ወደ ላይ አነሡ። ከባለሥልጣናቱ አንዱም ከመናገሩ በፊት ባሌ ጊታሩን መታው።

ሰብሳቢው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሜዳው ሁሉ ሲያጓራ አፉን ከፍቶ ሰማ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እቴቴ፣ ለካ ካሴቱ አልተበላሸም ነበር» አለኝ።

አልተበላሸም ልጄ አልኩት፤ ባሌ ነው እንዲህ የሚጫወተው።